የመኪና ኢንሹራንስ ሲገዙ የት ይቆጥባሉ? የት አይቆጥቡም?

አዲስ መኪና ገዝቶ ከሻጩ ግቢ ለመውጣት የተዘጋጀ ሰው ቁልፉን ከመረከቡ በፊት የሚቀርብለት ጥያቄ «ኢንሹራንስዎ የታለ?» የሚል ነው። ጊዜው ብዙውን ጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ልጆቹ ርቧቸዋል፤ አጅቦ የመጣው ወዳጅም ሥራ የሚገባበት ሰዓት ደርሷል። በዚህ ጥድፊያ መካከል ሻጩ ስልኩን አንስቶ ለሚያውቀው ኤጀንት ይደውላል፤ ገዢው «ብቻ ርካሹን ይስጠኝ» ይላል፤ ውሉም በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ኢንሹራንሳችንን የገዛነው በዚህ ዓይነት ነው። ይህን የሚጽፈውም ሰው ከዚያ ቁጥር ውጭ አይደለም። የፈረምኩት ውል ምን እንደሚል ያነበብኩት ከዓመት በኋላ ነበር፤ ደግነቱ ያነበብኩት አደጋ ደርሶብኝ ሳይሆን ዋጋ ተጨምሮብኝ ነው።

ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ የምናነሳው የኢንሹራንስ ዋጋ ውድ መሆኑን ለማማረር አይደለም፤ ያንን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልናሳይ የምንፈልገው ገንዘብ መቆጠብ የሚቻልበት ቦታና የማይቻልበት ቦታ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ብዙ ሰው የሚቆጥበው በማይገባው ቦታ ላይ ነው። ሕጉ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ ምሳሌዎቻችንን የምንወስደው ወገኖቻችን በብዛት ከሚኖሩባቸው ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ነው። በሌላ ስቴት የምትኖሩ አንባቢያን ቁጥሮቹን በየስቴታችሁ ማመሳከር ይኖርባችኋል፤ አሠራሩ ግን ብዙም አይራራቅም።

አዲስ አበባ መኪና የነበረው ሰው «ሦስተኛ ወገን» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። በአገራችን በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 559፣ በኋላም በ2005 ዓ.ም. የተተካበት አዋጅ ቁጥር 799፣ ባለመኪና ሁሉ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት መድን እንዲገባ ያስገድዳሉ። እዚህ «ላያቢሊቲ» የሚሉት ይህንኑ ነው። የእርስዎን መኪና አይጠግንም፤ የእርስዎንም ሐኪም አይከፍልም። የሚከፍለው በእርስዎ ጥፋት ለተጎዳው ሰውና ለተበላሸው የሌላ ሰው ንብረት ነው። ተከስሰው ፍርድ ቤት ቢቀርቡም ጠበቃ የሚያቆምልዎ እሱ ነው።

ሕጉ የሚያስገድደው ዝቅተኛ መጠን በሦስት ቁጥሮች ይጻፋል። ቨርጂኒያ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ 50፣ 100፣ 25 ትጠይቃለች። ይህም ማለት ለአንድ ሰው ጉዳት እስከ 50 ሺህ ዶላር፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት ሰዎች ሁሉ በድምሩ እስከ 100 ሺህ፣ ለንብረት ደግሞ እስከ 25 ሺህ ዶላር ማለት ነው። ሜሪላንድ 30፣ 60፣ 15፤ ዲሲ ደግሞ 25፣ 50፣ 10 ይላሉ። ቀድሞ ቨርጂኒያ ውስጥ ለስቴቱ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር፤ ያ አሠራር ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል። «500 ዶላር ከፍለህ መንዳት ትችላለህ» የሚል የቆየ ሰው ምክር ቢሰሙ ጊዜው አልፎበታልና አይቀበሉት።

እነዚህ ቁጥሮች ምን ያህል ትንሽ እንደሆኑ የሚታየው ሂሳብ ሲሠራ ነው። እንበል ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከሌሊት ሥራ ሲመለሱ ድካም አሸንፎዎት በቀይ መብራት አለፉና አንድ መኪና መቱ። መኪናው 38 ሺህ ዶላር ያወጣል፤ ከጥቅም ውጭ ሆነ። የሹፌሩ የሕክምና ወጪ 75 ሺህ፣ አብሮት የነበረው ሰው ደግሞ 20 ሺህ ዶላር ደረሰ። እርስዎ የያዙት የሜሪላንድን ዝቅተኛ መጠን ነው። ኢንሹራንሱ ለሹፌሩ 30 ሺህ፣ ለሁለተኛው 20 ሺህ፣ ለመኪናው 15 ሺህ ይከፍልና እጁን ይሰበስባል። የቀረው 68 ሺህ ዶላር የማን ነው? የእርስዎ ነው። የተጎዳው ሰው ከስሶ ካስፈረደ ከደመወዝዎ ሊያስቆርጥ፣ ቤት ካለዎትም በቤቱ ላይ ሊያስይዝ ይችላል። የሕጉን ዝቅተኛ መጠን መያዝዎ ከትራፊክ ፖሊስ ያድንዎት ይሆናል እንጂ ከዕዳ አያድንዎትም።

በሌላ በኩል ላያቢሊቲን ከፍ ማድረግ የሚያስከፍለው ሰው እንደሚገምተው አይደለም። ሽፋኑ በእጥፍ ሲያድግ ክፍያው በእጥፍ አያድግም፤ ምክንያቱም አብዛኛው አደጋ ትንሽ አደጋ ስለሆነ ኩባንያው ብዙ ጊዜ የሚያወጣው የመጀመሪያዎቹን ሺዎች ነው። ስለዚህ ዋጋ ሲጠይቁ በዝቅተኛው መጠን ብቻ አይጠይቁ። «100፣ 300፣ 100 ብገባስ በወር ስንት ይጨመርብኛል?» ብለው ይጠይቁ። ልዩነቱን ሲሰሙ የሚገረሙ ሰዎች አሉ። በእኔ አስተያየት ቤት የገዛ፣ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት የከፈተ፣ ወይም ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው ከዚህ በታች መውረድ የለበትም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው «ፉል ከቨሬጅ» የሚባለው ነገር ነው። በስሙ የተታለለው ሰው ብዙ ነው። በዚህ ስም የሚጠራ አንድ የታወቀ የውል ዓይነት የለም። ኤጀንቱም ባንኩም በዚህ ቃል ሲናገሩ አብዛኛውን ጊዜ ማለታቸው በላያቢሊቲው ላይ «ኮሊዥን» እና «ኮምፕርሄንሲቭ» ተጨምረዋል ማለት ነው። ኮሊዥን እርስዎ ከመኪና፣ ከግንብ ወይም ከዛፍ ጋር ሲጋጩ የራስዎን መኪና ያሠራል። ኮምፕርሄንሲቭ ደግሞ ስርቆትን፣ እሳትን፣ በረዶንና ጎርፍን፣ የተሰበረ መስታወትን ይሸፍናል። በቨርጂኒያ ገጠር መንገዶች ማታ ማታ ድንገት የሚወጣውን አጋዘን መምታትም የሚታየው በዚሁ ሥር ነው። አጋዘኑን ሸሽተው ዛፍ ቢመቱ ግን ጉዳዩ ወደ ኮሊዥን ይዞራል። ስለዚህ «ፉል ከቨሬጅ አለኝ» የሚል ሰው ላያቢሊቲው አሁንም 30፣ 60፣ 15 ሊሆን ይችላል፤ የራሱን መኪና በሚገባ ሸፍኖ ሌላውን ሰው ረስቷል ማለት ነው።

መኪናውን በብድር ከገዙ ባንኩ ኮሊዥንና ኮምፕርሄንሲቭ ያስገድድዎታል፤ ምርጫ የለዎትም። ካቋረጡት ባንኩ ራሱ ገዝቶ በእርስዎ ዕዳ ላይ ይጨምረዋል። ያም ውድ ነው፤ በአብዛኛው የሚጠብቀውም የባንኩን ገንዘብ እንጂ እርስዎን አይደለም። ሊቆጥቡ የሚችሉበት ቦታ «ዲዳክቲብል» በሚባለው ላይ ነው፤ ይህም ኩባንያው መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከራስዎ ኪስ የሚያወጡት ነው። ለምሳሌ ከ500 ወደ 1,000 ዶላር ቢያሳድጉት በዓመት 120 ዶላር ይቀንስልዎታል እንበል። ከኪስዎ የሚጨመረውን 500 ዶላር በቅናሹ ለማካካስ ከአራት ዓመት በላይ ያለ አደጋ መንዳት አለብዎት። ጠንቃቃ ሹፌር ከሆኑና 1,000 ዶላር በባንክ ያስቀመጡ ከሆነ ያዋጣዎታል። ያ ገንዘብ ከሌለዎት ግን መኪናው ጋራዥ ቆሞ እርስዎ ገንዘብ ፍለጋ ሲዞሩ፣ ሥራም ሲቀር፣ ቁጠባው ኪሳራ ይሆናል።

ዕዳ የሌለበት አሮጌ መኪና ከሆነ ደግሞ ሂሳቡ ሌላ ነው። መኪናው 3 ሺህ ዶላር ቢያወጣ፣ ዲዳክቲብሉ 1,000 ቢሆን፣ ከኩባንያው ሊያገኙ የሚችሉት ቢበዛ 2 ሺህ ዶላር ነው። ለኮሊዥን ብቻ በዓመት 600 ዶላር የሚከፍሉ ከሆነ በሦስት ዓመት ተኩል ከሚያገኙት በላይ ከፍለዋል። እዚህ ላይ ኮሊዥኑን አንስቶ ገንዘቡን በላያቢሊቲ ላይ ማዋል የተሻለ ነው።

አዲስ መኪና በትንሽ ቅድሚያ ክፍያ የገዙ ሰዎች የሚያስፈልጋቸው አንድ ሌላ ነገር አለ፤ «ጋፕ» ይባላል። ኩባንያው መኪናው ከጥቅም ውጭ ሲሆን የሚከፍለው የዕለቱን ዋጋ እንጂ የተበደሩትን አይደለም። በዓመቱ የመኪናው ዋጋ 21 ሺህ ቢሆንና ዕዳው 24 ሺህ 500 ቢቀር፣ ዲዳክቲብሉ 500 ሲቀነስ 20 ሺህ 500 ይከፈላል። ለሌለ መኪና 4 ሺህ ዶላር ይከፍላሉ ማለት ነው። ጋፕ በዕዳውና በመኪናው ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ይዘጋል። ሻጩ ቢሮ ውስጥ በብድሩ ላይ ደምረው ሊሸጡልዎ ሲሞክሩ ወዲያው አይፈርሙ፤ ከኢንሹራንስ ኩባንያው ሲገዛ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ዕዳው ከመኪናው ዋጋ በታች ሲወርድም ማቆም ይቻላል።

ስለ ራስዎና ስለ ቤተሰብዎም ያስቡ። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ቢመታዎትስ? ወይም መትቶ ቢያመልጥ? ለዚህ የሚሆነው ሽፋን በሦስቱም አካባቢዎች ከውሉ ጋር ይመጣል፤ መጠኑን ግን ከላያቢሊቲው ጋር እኩል እንዲሆን ይጠይቁ። በሜሪላንድ ደግሞ «ፒፕ» የሚባል አለ። ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን ለሕክምናና ለቀረ ደመወዝ ቢያንስ 2,500 ዶላር ድረስ ይከፍላል፤ በዚህ በመጠቀምዎም ዋጋ ሊጨመርብዎት አይችልም። ኤጀንቱ «እዚህ ጋ ፈርሙልኝ» ብሎ የሚያቀርብልዎት ወረቀት አንዳንድ ጊዜ ይህን መብት የሚያስቀር ነው። የጤና ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ይህን መፈረም የለበትም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ጉዳይ እንግባ፤ በእኛ መካከል የሚዘወተር ስለሆነ በግልጽ መናገር ይሻላል። ዋጋው በሚኖሩበት ዚፕ ኮድ ስለሚወሰን ዲሲ ወይም ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ እየኖሩ ቨርጂኒያ ባለ የአጎት ልጅ አድራሻ የሚገቡ አሉ። ቤት ውስጥ የሚኖረውን ወጣት ወንድም የማያስመዘግቡ አሉ። መኪናውን በአንድ ሰው ስም፣ ኢንሹራንሱን በሌላ ሰው ስም ያደረጉም አሉ። በወር 60 ወይም 70 ዶላር ያድን ይሆናል። ነገር ግን ትልቅ አደጋ ሲደርስ ኩባንያው በመጀመሪያ የሚያደርገው ማመልከቻውን አውጥቶ ማንበብ ነው። መኪናው ማታ ማታ የት እንደሚያድር፣ ማን እንደሚነዳው ይጠይቃል። ያልተነገረ እውነት ካገኘ ውሉን ሊያፈርስና ለመኪናዎ አልከፍልም ሊል ይችላል። ለዓመታት የከፈሉት ያኔ ባዶ ይሆናል። ወንድምዎ መኪናውን ፈጽሞ የማይነካ ከሆነ፣ የስቴቱ ሕግ በሚፈቅድበት ቦታ ከውሉ በስም እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል፤ ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ቁልፉን መስጠት የለብዎትም።

«ወረቀቴ ገና አልተጠናቀቀም፤ ኢንሹራንስ ይሰጡኛል ወይ?» ለሚሉ ወገኖች፦ ኩባንያው የሚፈልገው መንጃ ፈቃድን እንጂ ግሪን ካርድን አይደለም። ዲሲና ሜሪላንድ ከ2014 እ.ኤ.አ.፣ ቨርጂኒያ ደግሞ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመኖሪያ ፈቃድ ለሌላቸውም የሚሰጥ የመንጃ ካርድ አላቸው። በአገር ቤት አሥር ዓመት ነድተው ከሆነ ይህንኑ ለኤጀንቱ ይንገሩ፤ ሁሉም ኩባንያ አይቆጥረውም፣ አንዳንዱ ግን ከግምት ያስገባዋል። ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ግን የገንዘብ ቅጣት ብቻ ሳይሆን በቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ የወንጀል ክስ ሊያስከትል ይችላል። የጥገኝነት ወይም የዜግነት ማመልከቻ በእጁ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ከደረሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ነኝ ከማለቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

በመኪናው ለሚሠሩ ሰዎች ሌላ ጥንቃቄ አለ። ተራ የግል ውል ለኡበር፣ ለሊፍት፣ ምግብ ለማድረስም ሥራ አያገለግልም፤ ውሉ ውስጥ በግልጽ ተከልክሏል። ኡበር ወይም ሊፍት ተሳፋሪ ከጠራዎት ጀምሮ እስኪያወርዱት ድረስ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ላያቢሊቲ አላቸው። ለራስዎ መኪና የሚከፍሉት ግን በግል ውልዎ ላይ ኮሊዥን ካለዎት ብቻ ነው፤ ዲዳክቲብሉም 2,500 ዶላር ነው። አደገኛው ሰዓት ስልኩን ከፍተው ተሳፋሪ የሚጠብቁበት ነው። በዚያን ጊዜ የኩባንያው ሽፋን ለሌላ ሰው 50፣ 100፣ 25 ብቻ ነው፤ ለራስዎ መኪና ምንም የለም፤ የግል ውልዎም «ሥራ ላይ ነበርክ» ብሎ ይሸሻል። ይህን ቀዳዳ የሚዘጋ ተጨማሪ ውል ብዙ ኩባንያዎች ይሸጣሉ። ሥራውን ደብቆ ከመኖር ይህን መግዛት ይሻላል። ስልክዎ አነዳድዎን እየተከታተለ ቅናሽ እንዲያስገኝልዎ የሚጋብዙዎትንም በጥንቃቄ ይዩ። ብዙዎቹ ሌሊት መንዳትንና ድንገተኛ ፍሬን መያዝን እንደ ጉድለት ይቆጥራሉ። የፓርኪንግ ወይም የሆስፒታል ሌሊት ፈረቃ ለሚሠራ ሰው ቅናሹ ላይገኝ ይችላል፤ አንዳንዱ ኩባንያም ጭራሽ ዋጋ ይጨምርበታል።

አገር ቤት ለሁለት ወር ሄደው ሲመለሱ በፖስታ ሣጥናቸው የቅጣት ወረቀት የሚጠብቃቸው ሰዎችም አሉ። «መኪናው ቆሟል፤ ለምን እከፍላለሁ?» ብለው ኢንሹራንሱን አቋርጠዋል፤ ታርጋውን ግን አልመለሱም። ኩባንያው መቋረጡን ለስቴቱ ያሳውቃል፤ በሜሪላንድ ቅጣቱ በቀን ይቆጠራል። ደንቡ ታርጋው መኪናው ላይ እስካለ ድረስ ላያቢሊቲው ይኑር ነው። ማቋረጥ ከፈለጉ መጀመሪያ ታርጋውን ለሞተር ተሽከርካሪ ቢሮው ይመልሱ፤ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ከዚያ ይሰርዙ። ሲመለሱም ሽፋኑ በመቋረጡ ብቻ አዲሱ ዋጋ ሊጨምር እንደሚችል በሂሳቡ ያስገቡት።

አደጋ ሲደርስስ? የእኛ ሰው ትሑት ነው፤ ከመኪናው ሲወርድ የመጀመሪያ ቃሉ «ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ይሆናል። በሦስቱም አካባቢዎች ያለው ሕግ ግን ጨካኝ ነው። መኪና ከመኪና ሲጋጭ ጥቂት እንኳ ጥፋት ያለበት ሰው ከሌላው ወገን ካሣ ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ «ተጎድተዋል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፣ ፖሊስ ይጥሩ፣ ፎቶ ያንሱ፣ የምስክር ስልክ ይያዙ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግን መንገድ ላይ አይከራከሩ፣ አያምኑም። ሌላው ሹፌር አበሻ ከሆነ ደግሞ «ለምን ኢንሹራንስ እናስገባለን፣ በሽምግልና እንጨርሰው» ይባላል። ለትንሽ ጭረት ይሠራ ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ ደህና ነኝ ያለው ሰው በሳምንቱ አንገቴን አመመኝ ሲል ኩባንያዎ «በጊዜው አልነገርከኝም» ሊል ይችላል። እንደ ምንም ቢስማሙ እንኳ ለኩባንያዎ ያሳውቁ።

ግዢውን በተመለከተ፦ መኪናውን ከመምረጥዎ በፊት የሁለት ሦስት መኪና ዓይነቶችን ይዘው የኢንሹራንስ ዋጋ ይጠይቁ፤ በመኪና ዋጋ እኩል የሆኑ ሁለት መኪናዎች በኢንሹራንስ በጣም ሊለያዩ ይችላሉ። ቢያንስ ሦስት ቦታ ይጠይቁ፤ ቁጥሮቹንና ዲዳክቲብሉን በወረቀት ጽፈው ለሁሉም አንድ ዓይነት ይንገሩ፤ አለዚያ ሙዝን ከብርቱካን ጋር ያወዳድራሉ። ዋጋ መጠየቅ የክሬዲት ነጥብዎን አይቀንስም። የአንድ ኩባንያ ብቻ ኤጀንት አለ፤ የብዙ ኩባንያዎችን የሚሸጥም አለ፤ ከሁለቱም ይጠይቁ። የስድስት ወሩን በአንድ ጊዜ መክፈል ብዙ ጊዜ ቅናሽ ያስገኛል። ዕቁብ ያለው ሰው ዕጣው በእድሳቱ ወር እንዲደርሰው ቢነጋገር መልካም ነው። በሜሪላንድ የሚኖርና ኩባንያዎች አንገባም ያሉት ሰው በ1972 እ.ኤ.አ. በሕግ የተቋቋመውና ዛሬ ሜሪላንድ ኦቶ ኢንሹራንስ የሚባለው ድርጅት አለለት፤ በቨርጂኒያና በዲሲም ለተከለከሉ ሹፌሮች መንገድ ስላለ ኤጀንቱን ይጠይቁ።

ኤጀንቱ አማርኛ መናገሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቋንቋው ፈቃድ አይሆንም። ፈቃድ እንዳለው በሜሪላንድ የኢንሹራንስ አስተዳደር፣ በቨርጂኒያ የኮርፖሬሽን ኮሚሽን የኢንሹራንስ ቢሮ፣ በዲሲ ደግሞ በኢንሹራንስ፣ ሴኩሪቲስና ባንክ መሥሪያ ቤት በነጻ ማጣራት ይቻላል፤ ኩባንያ ሲበድልዎትም አቤቱታ የሚቀርበው ለእነዚሁ ነው። ጥሬ ገንዘብ ያለ ደረሰኝ አይስጡ። ውሉ ሲደርስዎ የመጀመሪያውን ገጽ አውጥተው ስምዎን፣ አድራሻዎን፣ የመኪናውን ቁጥር፣ የሹፌሮቹን ስምና ሦስቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ ይመልከቱ። የተሳሳተ ነገር ካለ በዚያው ሳምንት በጽሑፍ እንዲታረም ይጠይቁ፤ የጻፉትንም ቅጂ ከመኪናው ወረቀቶች ጋር ቤት ያስቀምጡ።